ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ.)፤ ሕይወቱና ለእኛ የተወው አደራ

ምስጋና የሰውን ልጅ ሁሉ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ላስገኘው አላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቀኝ ስለ ማን እንደምጽፍ ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብኝም። ከሰሐቦች መካከል ለአገራችን ሙስሊም እጅግ ቀርቦ የሚታየው ቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ.) ነው። ልጆቻችንን በስሙ እንጠራለን፤ መስጊዶቻችንን በስሙ እንሰይማለን፤ ሐበሻ ነበር እያልንም እንኮራበታለን። ታሪኩን የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ታዲያ የሚታወቀውን ለምን ትደግመዋለህ ትሉኝ ይሆናል። የምደግመው ታሪኩን ስንሰማ ዘወትር ራሳችንን በቢላል ቦታ አስቀምጠን ስለምንሰማው ነው። ራሱን በጌታው በኡመያ ቦታ፣ ወይም ቆሞ በሚመለከተው የመካ ሰው ቦታ አስቀምጦ የሰማው ከእኛ ስንቱ ነው? እኔም ብሆን እስከ ጎልማሳነቴ ድረስ እንዲያ አልሰማሁትም። በመጨረሻ አንድ የልጅነት ጥፋቴን እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው እንከተል።

ወገን የሌለው ሰው

ቢላል በመካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ580 ገደማ ተወለደ። አባቱ ረባሕ ባሪያ ነበር። እናቱ ሐማማም ከሐበሻ ወገን የሆነች ባሪያ ነበረች። ስለዚህ ቢላል ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ጀምሮ የሰው ንብረት ነበር። አድጎም ከበኑ ጁመሕ ጎሣ አለቆች አንዱ በሆነው በኡመያ ኢብን ኸለፍ እጅ ገባ።

በዚያ ዘመን መካ ውስጥ ፖሊስም ሆነ ፍርድ ቤት አልነበረም። ሰውን ከሰው የሚጠብቀው ጎሣው ነበር። አንድን ቁረይሽ የመታ ሰው ከነጎሣው ይጣላል፤ የገደለም በደሙ ይጠየቃል ወይም ካሳ ይከፍላል። ይህ ሥርዓት ባለወገኑን ይጠብቃል፣ ወገን የሌለውን ግን ሜዳ ላይ ይጥላል። ባሪያን ጌታው ቢመታው ጠያቂ የለም። ቢገድለውም ገንዘቡን አጠፋ ይባላል እንጂ ደም አፈሰሰ አይባልም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልእክታቸውን በይፋ ሲያሰሙ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ከለላ ሆናቸው። ሌሎችም ባለወገን የነበሩ ሙስሊሞች ስድብና ማስፈራሪያ ቢደርስባቸውም ጎሣቸው ይታፈርላቸው ነበር። የቁረይሽ ቁጣ በሙሉ ክብደቱ የወረደው ከለላ በሌላቸው ላይ ነው። እነዚህም ያሲር፣ ሚስቱ ሱመያ፣ ልጃቸው ዐማር፣ ኸባብ፣ ሱሀይብና ቢላል ነበሩ። ሱመያ በዚሁ ስቃይ ተገድላ የመጀመሪያዋ ሸሂድ ሆነች። ይህን ልብ በሉት። የአንድ አገር ፍትሕ የሚለካው ባለወገኑ ሲበደል በሚያገኘው ፍርድ አይደለም፤ ጠያቂ የሌለው ሲበደል ማን ይነሣል በሚለው ነው።

በጋለው አሸዋ ላይ

ቢላል ኢስላምን ቀድመው ከተቀበሉትና እምነታቸውን ካልደበቁት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ኡመያ ይህን ባወቀ ጊዜ የተቆጣው በጣዖቶቹ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ንብረቱ የራሱ ሐሳብ እንዳለው ማየቱ ይበልጥ አንገበገበው። ባሪያ የሚያምነውን ራሱ ከመረጠ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር መምረጡ አይቀርም።

ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ኡመያ ቢላልን ከመካ ውጭ ወዳለው ሜዳ ያስወጣዋል። በጋለው አሸዋ ላይ በጀርባው ያስተኛውና ትልቅ ቋጥኝ በደረቱ ላይ ያስጭንበታል። ሙሐመድን ክዶ ላትንና ዑዛን እስኪያመልክ ድረስ፣ አለዚያም እስኪሞት ድረስ እንደዚያ እንደሚቆይ ይነግረዋል። ቢላል ግን የአላህን አንድነት ከመመስከር በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ትንፋሹ ሲያጥርም ያንኑ ቃል ይደጋግም ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንገቱ ገመድ ያስሩና ለሰፈር ልጆች ይሰጡታል፤ ልጆቹም በመካ መንገዶች እየጎተቱ ይጫወቱበታል። ከቋጥኙ ይልቅ ይህ የልጆቹ ነገር ያሳስበኛል። እነዚያ ልጆች ሰውን መናቅ ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ገመዱን ከአባቶቻቸው እጅ ነው የተቀበሉት።

አንድ ቀን አቡበክር (ረ.ዐ.) በዚያ ሲያልፍ ይህን ግፍ አየና ኡመያን ስለ አላህ ጠየቀው። በዋጋም ተስማምቶ ቢላልን ገዛው፤ ወዲያውም ነፃ አወጣው። ኡመያ ሊያንኳስሰው ፈልጎ፣ ከዚህ ባነሰ ዋጋም ይሸጠው እንደነበር ነገረው ይባላል። አቡበክር በበኩሉ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቢጠየቅም ከመክፈል ወደኋላ እንደማይል መለሰለት። አንዱ የሰውን ዋጋ በገበያ ሲለካ ሌላው በፈጣሪው ዘንድ ለካው። ዑመርም (ረ.ዐ.) በኋላ ዘመን ይህን ቀን ሲያስታውስ አቡበክርንም ቢላልንም በአንድነት ጌታችን ብሎ ይጠራቸው ነበር። ዑመር የቁረይሽ መኳንንት ልጅ መሆኑን አትርሱ።

የመቀመጫ ጥያቄ

ብዙ ጊዜ ሳንነካው የምናልፈው አንድ ክፍል እዚህ ላይ አለ። ከቁረይሽ ታላላቆች የተወሰኑት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። መልእክቱን ለመስማት ፈቃደኞች መሆናቸውን ገለጹ፤ ግን አንድ ነገር አስቸግሯቸዋል። ከቢላልና እርሱን ከመሰሉ ባሮችና ድሆች ጋር በአንድ ጉባኤ መቀመጥ አልቻሉም። ዐረቦች በዚያ ሁኔታ ቢያዩአቸው ያፍራሉ። ስለዚህ እነርሱ ሲመጡ ድሆቹ ይነሡላቸው፤ ወይም ለእነርሱ የተለየ ቀን ይደረግላቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ አስቡት። ለኢስላም ጥቅም የሚመስል ነገር ነበረው። ታላላቆቹ ቢሰልሙ ስቃዩ ይቆማል፤ ተከታዮቻቸውም ይከተላሉ። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው ዋጋ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ለጥቂት ሰዓት ከመቀመጫቸው እንዲነሡ ብቻ ነው። መልሱ ግን ከሰማይ መጣ። ጧትና ማታ ጌታቸውን የሚለምኑትን ከአጠገባቸው እንዳያርቁ ነቢዩ በወሕይ ታዘዙ። አላህ ለትልቅ ጥቅም ሲባል እንኳ ቢላልን ከመቀመጫው ማስነሣትን አልፈቀደም። እኛ ስንቱን ሰው ለስንት ትንሽ ጥቅም እንዳስነሣን እናስታውስ።

የመዲና ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ622 ሙስሊሞች ወደ መዲና ተሰደዱ። ቢላልም ከእነርሱ ጋር ነበር። እዚያ እንደደረሱ ብዙዎቹ በንዳድ ታመሙ። ቢላል ትኩሳቱ ፋታ ሲሰጠው ድምፁን ከፍ አድርጎ የመካን ሸለቆዎች፣ የመካን ሣርና ምንጮች በናፍቆት ያነሣ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ይህ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። የናፈቀችው ያችው በአሸዋዋ ላይ ያንገላታችው ከተማ ናት። ሰው ተበድሎባትም አገሩን ይወዳል። ተበድለሃልና አገርህ አይደለም ሊለው የሚችል ማንም የለም።

በመዲና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲያወዳጁ የቢላል ወንድም የሆነው አቡ ሩወይሐ የተባለ የኸሥዐም ጎሣ ሰው ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

መስጊዱ ከተሠራ በኋላ ሰዎችን ለሶላት በምን እንጥራ የሚል ምክር ሆነ። ደወል የጠቀሰ ነበር፤ ቀንደ መለከት ያነሣም ነበር። በኋላ ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ የተባለ የመዲና ሰው የአዛኑን ቃላት በሕልሙ ሰማ። ነቢዩም ሕልሙ እውነት መሆኑን አረጋግጠው፣ ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ የቢላል ድምፅ ይበልጥ ነበርና። ሕልሙን ያየው የመዲና ተወላጅ ነው። ለሥራው የተመረጠው ግን የተሻለ የሚችለው ነው። ከመስጊዱ አጠገብ ከነበሩት ቤቶች ከፍ ያለው የአንዲት የበኑ ነጃር ሴት ቤት ስለነበር፣ ቢላል ጎሕ ሳይቀድ እዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፈጅርን ይጠባበቅ ነበር።

ሥራው አዛን ብቻ አልነበረም። የነቢዩን የቤት ወጪ የሚይዝ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያስተናግድ፣ ድሃ ሲመጣ ተበድሮም ቢሆን የሚያለብስና የሚያበላ እርሱ ነበር። በዒድ ቀን ከፊታቸው ጦር ይዞ እየሄደ ለሶላት ይተክልላቸው ነበር፤ ያችም ጦር ከነጃሺ የተላከች ስጦታ እንደነበረች ይነገራል። ገንዘብ፣ በርና መሣሪያ ለማን እንደሚታመን ታውቃላችሁ።

ቢላል ሰው ነበርና ይደክመውም ነበር። ከኸይበር ዘመቻ ሲመለሱ ሌሊት ላይ ሠራዊቱ ሲያርፍ ንጋቱን እንዲጠብቅ ኃላፊነት ተሰጠው። ግመሉን ተደግፎ ምሥራቅ ምሥራቁን ሲያይ እንቅልፍ ጣለው። ሁሉንም የቀሰቀሳቸው የፀሐይ ሙቀት ነው። ነቢዩ አልሰደቡትም፤ ከሥራውም አላነሡትም። ከዚያ ቦታ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ያንኑ ቢላልን አዛን እንዲያደርግ አዘዙት። ሰው የናቀው ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ የዘሩ ይሆንበታል። በነቢዩ ዘንድ ግን የቢላል እንቅልፍ የደከመ ሰው እንቅልፍ ብቻ ነበር።

በ2 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 624) በበድር ጦርነት ኡመያ ኢብን ኸለፍ ከቁረይሽ ጋር መጥቶ ነበር። ቢላል አይቶ ለየው፤ ጮኾም አስታወቀ። ኡመያም በዚያው በጦር ሜዳ ተገደለ።

የእናት ስም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ከታላላቆቹ ሰሐቦች አንዱ ነው። በድህነቱና በእውነተኛነቱ የታወቀ፣ ለድሆች የሚቆረቆር ሰው ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ በንዴት እናቱን ጠርቶ ሰደበው። በሰፊው እንደሚነገረው ያ ሰው ቢላል ነበር፤ ስድቡም በእናቱ ጥቁረት ነበር። ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲደርስ አቡ ዘርን ገሠጹት፤ በውስጡ ገና የጃሂልያ ቅሪት ያለበት ሰው መሆኑንም ነገሩት። አቡ ዘር ከጸጸቱ ብዛት ጉንጩን መሬት ላይ አድርጎ ቢላል በእግሩ እንዲረግጠው ለመነው ተብሎ ይተረካል።

ተግሣጹ ለማን እንደተነገረ ተመልከቱ። ለአቡ ጀህል ወይም ለአቡ ለሀብ አልነበረም። የቀደመ ሙስሊም፣ ሰጋጅና ለጋስ ለሆነ ሰው ነው የተነገረው። ስለዚህ ሰጋጅ መሆናችን፣ ቁርኣን መቅራታችን፣ ሐጅ ማድረጋችን ከዚህ በሽታ ነፃ መሆናችንን አያረጋግጥም። ቅሪቱ ከልብ ሥር ተደብቆ ይቆይና በንዴት ጊዜ በአንደበት፣ በሠርግ ጊዜ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ይወጣል።

ስለ ጋብቻም ከተነሣ፣ ታሪክ ጸሐፊው ኢብን ሰዕድ የዘገበው አንድ ነገር አለ። ቢላልና ወንድሙ ሚስት ሊጠይቁ ወደ አንድ ቤተ ሰብ ሄዱ። ቢላል ምንም አልደበቀም። ባሮች እንደነበሩና አላህ ነፃ እንዳወጣቸው፣ ተሳስተው እንደነበርና አላህ እንደመራቸው ተናገረ። ቢሰጧቸው አላህን እንደሚያመሰግኑ፣ ቢከለክሏቸውም አላህ እንደሚበቃቸው አስታወቀ። ቤተ ሰቡም ሰጧቸው። ከዘገባዎቹ አንዱ ደግሞ የባለጸጋው የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ እህት ሃላ የቢላል ሚስት እንደነበረች ይናገራል።

ከካዕባ ላይ

በ8 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 630) መካ ያለ ትልቅ ጦርነት ተከፈተች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ካዕባ ውስጥ ሲገቡ ይዘዋቸው የገቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የካዕባው ቁልፍ ያዥ ዑሥማን ኢብን ጦልሐ፣ ኡሳማ ኢብን ዘይድና ቢላል። የኡሳማ እናት ነቢዩን በልጅነታቸው ያሳደገችው ኡሙ አይመን ሐበሻ ነበረች። ከሦስቱ ሁለቱ ከሐበሻ እናት የተወለዱ ነበሩ ማለት ነው።

የሶላት ሰዓት ሲደርስ ቢላል ከካዕባው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲያደርግ ታዘዘ። ልጆች በገመድ የጎተቱት ሰው አሁን ከከተማይቱ ከፍታ ሁሉ በላይ ቆመ። ከታች ከቆሙት የቁረይሽ ታላላቆች አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አባቶቻቸው ይህን ሳያዩ በመሞታቸው ደስ ያላቸውም ነበሩ፤ በቢላል ጥቁረት ላይ ያጉረመረሙም አልጠፉ። የተፍሲር ዐዋቂዎች እንደሚሉት፣ የሰው ልጅ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት መፈጠሩን፣ በጎሣና በነገድ መከፋፈሉም ለመተዋወቅ መሆኑን፣ ክብርም በአላህ ፍራቻ ብቻ መሆኑን የሚያስተምረው የሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ ከዚህ ቀን ጋር ይያያዛል። ቢላልም በዚያ ቀን የበቀል ቃል አልተናገረም። አዛኑን ፈጽሞ ወረደ።

ወደ ሻም

በ11 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 632) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አረፉ። ቢላል ከዚያ በኋላ አዛን ሲያደርግ የነቢዩ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቆረጥ፣ ሕዝቡም ያለቅስ ነበር። ስለዚህ ከመዲና ወጥቶ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሻም መሄድ ፈለገ። ኸሊፋው አቡበክር ግን አጠገቡ እንዲቆይ ለመነው። ቢላል በምላሹ ነፃ ያወጣው ለራሱ ከሆነ እንዲያስቀረው፣ ለአላህ ብሎ ከሆነ ግን እንዲለቀው ጠየቀው። አቡበክርም ለቀቀው። ውለታ የዋለልንን ሰው ማክበር ይገባል። ውለታ ግን ሁለተኛ ባርነት መሆን የለበትም።

ዑመር የዘማቾችን ስም በጎሣ በጎሣ በመዝገብ ሲያስጽፍ ቢላልን ከማን ጋር መጻፍ እንደሚፈልግ ጠየቀው። ቢላል ከአቡ ሩወይሐ አልለይም አለ፤ ነቢዩ ያዛመዱትን ዝምድና ሊተው አልፈለገም። እንደ ኢብን ኢስሐቅ ዘገባ፣ ቢላል ስለተጻፈ በሻም የነበሩት የሐበሾች መዝገብ በሙሉ ከኸሥዐም ጋር ተያያዘ። ወገን ሳይኖረው የተወለደው ሰው ለሌሎች የወገን በር ከፈተ።

ዑመር ወደ ሻም በመጣ ጊዜ ሰዎች ቢላል አንድ ጊዜ አዛን እንዲያደርግላቸው አስለመኑት። ቢላልም አደረገ። በዚያ ቀን እንደታየው ያለ ለቅሶ አልታየም፤ ከሁሉ ይበልጥ ያለቀሰው ዑመር ነበር። ቢላል በ20 ዓመተ ሂጅራ ገደማ (እ.ኤ.አ. 641)፣ ዕድሜው ከስድሳ ካለፈ በኋላ፣ በደማስቆ አረፈ። ሚስቱ በሐዘን ስትጮኽ እርሱ ነገ ሙሐመድንና ባልደረቦቻቸውን እንደሚያገኝ እየተናገረ ይደሰት ነበር ይባላል። መቃብሩ ባብ አስ-ሰጊር በተባለው የደማስቆ መካነ መቃብር እንደሆነ ይታወቃል።

ስሙ ባሕር ተሻገረ

የቢላል ስም በደማስቆ አልቀረም። ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ልጆች በአሜሪካ ለመብታቸው በታገሉበት ዘመንም ተነሥቷል። ማልኮም ኤክስ የተባለውን ሰው ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 በኒውዮርክ ሐርለም ፖሊሶች የድርጅቱን አባል ክፉኛ ደብድበው በእስር ባቆዩት ጊዜ፣ ማልኮም ሰዎቹን አሰልፎ ከጣቢያው ፊት ለፊት በጸጥታ አቆመ። የተጎዳው ሰው ሐኪም ቤት እስኪወሰድ ድረስም ማንም አልተንቀሳቀሰም። ድንጋይ አልተወረወረም። ወገን የሌለው ለተባለ ሰው ወገን ሆነው ቆሙ። ማልኮም በዚያን ጊዜ ነጭን ሁሉ እንደ ሰይጣን በሚያስተምረው ኔሽን ኦፍ ኢስላም ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ሐጅ ሲያደርግ ግን ከነጭ ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሳሕን በላ፣ ከአንድ ብርጭቆም ጠጣ፤ አስተሳሰቡም ተለወጠ። በዚያው ዓመት አገራችን መጥቶ አዲስ አበባን ጎብኝቷል። በየካቲት ወር 1965 እ.ኤ.አ. ተገደለ። ከአሥር ዓመት በኋላ የድርጅቱን መሪነት የያዘው ዋሪስ ዲን ሙሐመድ ተከታዮቹን ወደ ትክክለኛው ኢስላም ሲመልስ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ቢላላውያን ብሎ ሰየማቸው፤ የጋዜጣቸውም ስም በቢላል ተለወጠ። በባሪያ አሳዳሪዎች ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰዎች የመረጡት ስም የአንድ ሐበሻ ባሪያ ልጅ ስም ነበር።

እኛና ቢላል

ውድ አንባቢያን! ስለ አሜሪካ መናገር ቀላል ነው። ወደ ዓባይ ማዶ ስንመለስ ነው የሚከብደው።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከጊቤ ማዶ የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ዓባይን እየተሻገሩ በጎጃም ባሶ ገበያ ይሸጡ ነበር። ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይነዱ ነበር። ገዢዎቹ ከሁሉም ሃይማኖት ነበሩ። ከነጋዴዎቹ መካከል ግን የእኛው ሃይማኖት ተከታዮች ብዙ ነበሩ። የቢላልን አዛን እየሰሙ የቢላልን ዘመዶች ይሸጡ ነበር ማለት ነው። ባርነት በአገራችን በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ግን ዛሬም ስድብ ሆኖ በአንደበታችን አለ።

ደግሞ የተበደልንበትንም አንርሳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ሰልፈኛው ከአንድ መቶ ሺህ በላይ ነበር፤ ከጎናቸው የተሰለፉ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩ። በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች መባሉ ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንድንባል ጠየቁ፤ በዓሎቻችን እንዲከበሩም ጠየቁ። በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ በዓሎቻችን የመንግሥት በዓላት ሆነው ታወጁ። እንግዳ ተደርጎ መታየት ምን ያህል እንደሚያም እኛ እናውቀዋለን። ስለዚህ ሌላውን እንግዳ ብናደርግ አላወቅንም ብለን ማመካኘት አንችልም።

እነሆ ጥፋቴ። በልጅነቴ በመድረሳ አብሮን የሚቀራ አንድ የነገደ ወይጦ ልጅ ነበር። ነገደ ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ በጣና ዳር የሚኖሩ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሙስሊሞች ናቸው። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲንቃቸው ኖሯል። የጉማሬው አደን ቀረ፣ ንቀቱ ግን አልቀረም። ያ ልጅ ከሁላችን የበለጠ ድምፅ ነበረው። የምንጠጣባት አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ ነበረችን። እርሱ ከጠጣባት በኋላ እኛ በአመድ አጥበን እንጠጣ ነበር። አጥቡ ያለን የለም፤ አታጥቡ ያለንም የለም። ኡስታዛችን የቢላልን ታሪክ በተረከልን ዕለት ሁላችንም አለቀስን፤ እርሱም አለቀሰ። ከትምህርቱ በኋላ ጠማንና ጣሳዋን እንደ ልማዳችን አጠብን። ልጁ ቆሞ ያየን ነበር። ብዙም ሳይቆይ መምጣቱን ተወ። በመካከላችን ቢላል የነበረው እርሱ ነበር፤ እኛም ገመዱን ከአባቶቻችን የተቀበልን የመካ ልጆች ነበርን። ዓመታት ካለፉ በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምደመድመው በሦስት ጥያቄዎች ነው። መጀመሪያ ለራሴ፣ ቀጥሎም ለእናንተ አቀርባቸዋለሁ። በቤታችን ልጆቻችን ሲጣሉ ሰውን በዘሩ፣ በቆዳው ወይም በአባቱ ሙያ ሲሰድቡ ስንሰማ፣ ነቢዩ አቡ ዘርን እንደገሠጹት እንገሥጻለን ወይስ እንስቃለን? ሃይማኖቱንና ጠባዩን የወደድንለት የነገደ ወይጦ ልጅ፣ ወይም የሸክላ ሠሪ፣ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ ሽማግሌ ቢልክብን ስለ ዲኑ እንጠይቃለን ወይስ አጥንት እንቆጥራለን? በእድራችን መዝገብና በመስጊዳችን ኮሚቴ ዝርዝር ውስጥስ እንደ አቡ ሩወይሐ ስሙን ከስማቸው አጠገብ የሚያስጽፍላቸው ሰው አለ? ኮሚቴው ይህን ሦስተኛውን በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲመለከተው በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ለመሥራት ገንዘብ የማይጠይቅ ጉዳይ ነውና።

ነገ ጎሕ ሲቀድ አዛን ስትሰሙ፣ ይህን ሥራ መጀመሪያ የተሸከመው ድምፅ የማን እንደነበር አስታውሱ። ከዚያም በሶፉ ውስጥ ከጎናችሁ የቆመውን ተመልከቱና ትከሻችሁን ከትከሻው ጋር ግጠሙ።

አላህ ልባችንን ከጃሂልያ ቅሪት ያጽዳልን፤ የበደልናቸውን ይቅር እንዲሉን ያድርግልን፤ ከቢላልም ጋር በጀነት ያገናኘን። አሚን።